ክትባትና መዝገብ፤ የቴክሳስ ግዛት የክትባት ሥርዓት አሠራርና የስደተኛው ቤተሰብ ድርሻ

«ክትባት» የሚለው ቃል የመጣው ከግዕዙ «ከተበ» ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ዘመናዊው ሕክምና ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል የተወሰደ መግል የጤነኛውን ቆዳ በመጫር ያስተላልፍ እንደ ነበር የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለዚሁ ልማድ በጥናቱ አስፍሯል። እንግዲህ በቋንቋችን መከተብ ማለት በሥጋ ላይ መጻፍ ማለት ነው። በዘመናዊው ሥርዓት ግን ይህ ጽሕፈት አንድ ጊዜ ብቻ ተፈጽሞ አይቀርም። መጀመሪያ በልጁ ደም ውስጥ፣ ቀጥሎም በመንግሥት መዝገብ ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያው ጽሕፈት ከበሽታ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ መጠበቁን ይመሰክራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ የአሜሪካ ግዛት፣ ይኸውም ቴክሳስ፣ የክትባት ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያካሂድ ነው። ለምሳሌ የወሰድናት ስፍራ ፋርመርስ ብራንች ናት። ይህች አነስተኛ ከተማ ከዳላስ በስተሰሜን፣ የስቴመንስና የሊንደን ጆንሰን አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት አካባቢ ትገኛለች። በዳላስና በዙሪያዋ ቁጥሩ ብዙ የሆነ ኢትዮጵያዊ ስለ ሰፈረ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ልናስረዳ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ የዚህ ሥርዓት ደካማው ቋጠሮ መድኃኒቱ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ የሚሰናከለውም በዚሁ ቋጠሮ ላይ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

፩. ክትባቱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ብዙዎቻችን ክትባት የሚሰጠው መንግሥት ነው ብለን እናስባለን። በቴክሳስ ግን መርፌውን የሚወጋው በአብዛኛው የግል ሐኪም ነው። የመንግሥት ሥራ መግዛት፣ ማደል፣ መቆጣጠርና መመዝገብ ነው። የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በአንድ መቅሠፍት ምክንያት ነው። ከ1989 እስከ 1991 ድረስ በአሜሪካ የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሥቶ 55,000 ያህል ሰዎች ሲታመሙ ከ120 በላይ ሞቱ። ከታመሙት ሕፃናት የሚበዙት ያልተከተቡ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የቀረቡ፣ ነገር ግን ወላጆቻቸው የክትባቱን ዋጋ መክፈል ባለመቻላቸው ወደ ሌላ ቦታ የተላኩ ነበሩ። የፌዴራሉ ምክር ቤት ከዚህ ተምሮ በ1993 «ክትባት ለሕፃናት» የተባለውን ፕሮግራም በሕግ አቋቋመ፤ ሥራውም በጥቅምት 1994 ተጀመረ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአምራቾች ጋር ተደራድሮ ክትባቱን በቅናሽ ይገዛል። የቴክሳስ ግዛት የጤና አገልግሎት መምሪያ በፕሮግራሙ የሚሳተፉትን ሐኪሞች ይመዘግባል፣ ያሠለጥናል፣ የሚያቀርቡትን ትእዛዝ መርምሮ ያጸድቃል። ክትባቱም ከማከፋፈያው መጋዘን በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ማቀዝቀዣ ይላካል። ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ አለበት፤ ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያም ይገጠምለታል። ከዚህ ልክ የወጣ ክትባት ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል መምሪያው ሳያጣራ አይሰጥም።

የነጻው ክትባት ተጠቃሚዎች ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት በታች የሆኑ፣ በሜዲኬይድ የታቀፉ ወይም ለእርሱ ብቁ የሆኑ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸው ወይም ኢንሹራንሳቸው ክትባትን የማይሸፍን ልጆች እንዲሁም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። ሐኪሙ ለመርፌ አሰጣጡ የተወሰነ የአገልግሎት ዋጋ ሊጠይቅ ቢችልም ለክትባቱ ለራሱ ማስከፈል አይፈቀድለትም፤ ወላጁ የአገልግሎቱን ዋጋ መክፈል ባይችል እንኳ ልጁን ሳይከትብ መመለስ አይችልም። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ጎልማሶችም ግዛቱ ሌላ አነስ ያለ ፕሮግራም አለው።

ፋርመርስ ብራንች የራሷ የጤና መምሪያ የላትም። የምትተዳደረው በዳላስ ካውንቲ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት መምሪያ ሥር ነው። ስለዚህ የግል ሐኪም የሌለው ቤተሰብ የሚሄደው ወደ ካውንቲው ክሊኒክ ወይም በፌዴራል ድጎማ ወደሚሠሩት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ነው።

፪. የትምህርት ቤቱ በር

ክትባት ቢገዛና ቢታደልም ሰው ልጁን ካላመጣ ከንቱ ነው። ቴክሳስ፣ እንደ ሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ፣ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ ትምህርት ቤቱን በረኛ ማድረግ ነው። ይህ ሥልጣን ከሕግ አንጻር የተፈተነውም በዚሁ በቴክሳስ ነው። የሳን አንቶኒዮ ከተማ ያልተከተቡ ልጆችን ከትምህርት ቤት በማገዷ የተነሣው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1922 «ዙክት በኪንግ ላይ» በተባለው ፍርድ ለከተማዋ ተወሰነ።

በፋርመርስ ብራንች ያሉ ልጆች የሚማሩት በካሮልተን ፋርመርስ ብራንች ወይም በዳላስ የትምህርት ወረዳ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በግዛቱ ደንብ ነው። መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ የዘጊ አናዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ክትባት አምስት ዙር፣ የልጅነት ልምሻ አራት ዙር፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጣምራ ክትባት ሁለት ዙር፣ የሄፓታይተስ ቢ ሦስት ዙር፣ የሄፓታይተስ ኤ ሁለት ዙር፣ የጉድፍ ሁለት ዙር ሊኖረው ይገባል። የመጨረሻው ዙር ከአራተኛ የልደት ቀን በኋላ የተሰጠ እንደ ሆነ ከአምስቱ አራቱ፣ ከአራቱም ሦስቱ ይበቃሉ። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ይጨመራል፤ የመንጋጋ ቆልፉም ይታደሳል። ሁሉንም ያላሟላ ልጅ ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ አንድ ዙር ከጀመረ በጊዜያዊነት ሊገባና ቀሪውን በወቅቱ ሊፈጽም ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በ1982 ከዚሁ ከቴክሳስ፣ ከታይለር ከተማ በተነሣ ክርክር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ማገድ እንደማይቻል ፈረደ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የልጁን የመኖሪያ ፈቃድ ሳይሆን የክትባቱን ማስረጃ ይጠይቃል። በ1996 የወጣው፣ የስደተኞችን የመንግሥት እርዳታ ያጠበበው የፌዴራል ሕግም ቢሆን ክትባትን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል።

ሕጉ ይህን ቢልም ፍርሃት ሕግ አያነብም። የፋርመርስ ብራንች የከተማ ምክር ቤት በኅዳር 2006 የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች ቤት ማከራየትን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ደንቡ እየተሻሻለ ለዓመታት ከተከራከሩበት በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2013 ሻረው፤ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ክርክሩ አበቃ። ደንቡ ስለ ቤት ኪራይ እንጂ ስለ ጤና አልነበረም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት ስፍራ የሚኖር ስደተኛ የመንግሥት ቅጽ በቀረበለት ቁጥር ቢሸሽ አያስደንቅም። የጤና ሥርዓቱ የሚቆመው ግን ሰው ስሙን ሲሰጥ ነው።

፫. መዝገቡና ፈቃዱ

የቴክሳስ የክትባት መዝገብ ኢምትራክ ቱ ይባላል። ሐኪሙ፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ በኮምፒዩተር አማካይነት የልጁን ክትባቶች የሚያዩበት ማዕከላዊ መዝገብ ነው። ከብዙዎቹ ግዛቶች መዝገብ የሚለየው በፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። በሌሎቹ ግዛቶች በአብዛኛው ልጁ በቀጥታ ይመዘገብና ያልፈለገ ወላጅ ይወጣል፤ በቴክሳስ ግን ወላጅ ፈርሞ ካልፈቀደ የልጁ ስም አይገባም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ራሱ እንደገና መፈረም አለበት፤ 26ኛ ዓመቱን ከማክበሩ በፊት ካልፈረመ መዝገቡ ይሰረዛል።

ይህ ሥርዓት የግለሰብን ነጻነት ከማክበር የመነጨ ስለ ሆነ ከመንግሥት ሰላይ ሸሽቶ የተሰደደ ሰው በቀላሉ አይነቅፈውም። ዋጋ እንዳለው ግን መታወቅ ይገባል። ማንም ያልፈረመለት ልጅ ሐኪም በለወጠ ቁጥር ታሪኩ ይጠፋል። ኢንሹራንስ በየጊዜው ለሚለዋወጥበት፣ ቤት በየዓመቱ ለሚቀይር ቤተሰብ ይህ ተራ ነገር ነው።

ከመዝገቡ ሌላ ሁለተኛ የፈቃድ በር አለ። ከ2003 ጀምሮ የቴክሳስ ወላጅ «ኅሊናዬ አይፈቅድም» ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ክትባት ነጻ ማውጣት ይችላል። ቀድሞ ቅጹ የሚገኘው ለመምሪያው አመልክቶ በፖስታ ነበር፤ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ግን ማንም ሰው ቅጹን ከኮምፒዩተር አውርዶ ማተም ይችላል። ወረርሽኝ በታወጀ ጊዜ በዚህ ቅጽ የገባው ልጅ ከትምህርት ቤት ሊታገድ እንደሚችል ደንቡ ይደነግጋል።

፬. የአገራችን መንገድ

የራሳችን አገር የሄደችበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በኢትዮጵያ ሐኪሙ ጋ የሚሄድ ልጅ ጥቂት ስለ ነበረ ክትባቱ ወደ ልጁ መሄድ ነበረበት። የፈንጣጣ ዘመቻ በ1971 ሲጀመር ሠራተኞቹ በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ከመንደር ወደ መንደር ይዞሩ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በጎረቤት ሶማሊያ በጥቅምት 1977 ከታየ በኋላ በ1980 በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መደበኛውን የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም ጀመረች።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ ክትባቱን እስከ ጤና ኬላ አወረደው። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ልጆች ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ግን ወደ 39 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከመቶ 60 የሚሆኑት ልጆች ያልተሟላ ክትባት ይዘው ቀርተዋል ማለትም ነው። በ2020 በትግራይ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ጤና ጣቢያና ማቀዝቀዣ ሲወድም ለብዙ ዓመታት የተገነባው ሥራ በወራት ውስጥ እንዴት እንደሚፈርስ አሳይቷል።

እንግዲህ ሁለቱን ስናነጻጽር በኢትዮጵያ የሚጎድለው የመድረስ አቅም ሲሆን በቴክሳስ የሚጎድለው የማስታወስ አቅም ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ልጅ የሁለቱንም ጉድለት ይወርሳል።

፭. ሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ አንድ ልጅ

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ልጅ መስከረም 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። በፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው 16 ሴፕቴምበር 2019 ነው። በአሥራ አምስተኛ ወሩ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ቢያገኝ የጤና ጣቢያው ካርድ «15/4/2013» ይላል። ይህን ካርድ የምትቀበል የአሜሪካ ትምህርት ቤት ነርስ የምታየው ከመወለዱ ስድስት ዓመት በፊት የተከተበ ልጅ ነው። ጳጉሜን ላይ የተሰጠ ክትባት ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሚል ጨርሶ አይገባትም። የቴክሳስ ደንብ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ በግልጽ እንዲታወቅ ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለው ካርድ ውድቅ ቢሆን ጥፋቱ የነርሷ አይደለም። ትክክለኛው ቀን 24 ዲሴምበር 2020 መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

ቀኑ ቢስተካከል እንኳ የሥርዓቶቹ ልዩነት ይቀራል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠነኛው ወር ነው፤ በሽታው በብዛት በሚገኝበት አገር ሕፃኑን ቶሎ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ቴክሳስ ግን ከመጀመሪያ የልደት ቀን በፊት የተሰጠውን አትቆጥርም፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ የክትባቱን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ነው። ሁለቱም በየአገራቸው ትክክል ናቸው። እንዲሁም ሁለተኛው ዙር በ2019 በኢትዮጵያ ሲጀመር ክትባቱ ለኩፍኝ ብቻ ነበር፤ የጆሮ ደግፍ፣ የጉድፍና የሄፓታይተስ ኤ ክትባቶች በአገራችን መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ አልነበሩም። ከሚያዝያ 2016 ወዲህ በአፍ የተሰጠው የልጅነት ልምሻ ጠብታም በአሜሪካ መመሪያ በአብዛኛው አይቆጠርም፤ ከሦስቱ የቫይረሱ ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ የሚከላከል ስለ ሆነ ነው። በአንጻሩ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በአሜሪካ በመደበኛነት አይሰጥም፤ በኢትዮጵያ የተከተበ ሰው በቆዳ ምርመራ ጊዜ በሽታው ያለበት ሊመስል ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገርና የደም ምርመራ መጠየቅ ይገባዋል።

ታዲያ መዝገቡ የጠፋበት ወይም የማይነበብለት ቤተሰብ ምን ያድርግ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደገና መከተብ ነው፤ ተጨማሪ ዙር በአብዛኛው ጉዳት ስለሌለው ሐኪሞች የሚመርጡት ይህን ነው። ሁለተኛው በደም ምርመራ መከላከያ መኖሩን ማስመስከር ነው፤ ቴክሳስ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍ፣ ለሩቤላ፣ ለጉድፍና ለሁለቱ ሄፓታይተሶች ይህን ማስረጃ ትቀበላለች።

፮. የ2025 ትምህርት

ይህ ሁሉ የወረቀት ጣጣ ለሚመስለው ሰው የ2025 ታሪክ መልስ ይሰጣል። በጥር መጨረሻ በምዕራብ ቴክሳስ፣ በጌንስ ካውንቲ ኩፍኝ ተነሣ። እስከ ነሐሴ 18፣ ወረርሽኙ ማብቃቱ እስከ ታወጀበት ቀን ድረስ፣ 762 ሰዎች መታመማቸው ተረጋገጠ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ሁለት ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት ሞቱ፤ ሁለቱም አልተከተቡም ነበር። በአሜሪካ ሰው በኩፍኝ ሲሞት ከ2015 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ኩፍኝ መተላለፊያ የሚያጣው ከመቶ 95 ያህሉ ሰው ሲከተብ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን በቴክሳስ መዋዕለ ሕፃናት የጣምራውን ክትባት ያሟሉት ከመቶ 93 ያህል ነበሩ። ይህ የግዛቱ አማካይ ነው፤ አደጋው የሚሸሸገው በአማካዩ ውስጥ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት 98 ሌላው 80 ቢሆን በሽታው የሚገባው በሁለተኛው በር ነው። ክፍተቱም ሁልጊዜ ከእምቢታ አይመጣም፤ ከጠፋ ወረቀት፣ ካልተፈረመ ቅጽ፣ ከሩቅ ክሊኒክም ይመጣል።

በዚያው ወረርሽኝ መካከል፣ በመጋቢት 2025፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች የሰጠውን የጤና ገንዘብ በድንገት ሲያቋርጥ የዳላስ ካውንቲ መምሪያ ከ50 በላይ የክትባት ዝግጅቶችን ሰርዞ ሠራተኞችን አሰናበተ። ከተሰረዙት አንዳንዶቹ የክትባት ቁጥራቸው ዝቅተኛ በሆነ ትምህርት ቤቶች የታቀዱ ነበሩ። በሰኔ ደግሞ የጤና ሚኒስትሩ ለፌዴራሉ መንግሥት ስለ ክትባት የሚያማክረውን ኮሚቴ 17 አባላት በሙሉ አሰናበቱ። ከላይ ሆኖ ይመራ የነበረው ሲናወጥ ከታች ያለው ቤተሰብና ማኅበረሰብ የሚሸከመው ሸክም ይከብዳል።

፯. ከምሁሩ የሚጠበቀው

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ስለ ክትባት ጥቅም መስበክ አይገባንም፤ ብዙዎቻችሁ ሐኪሞች፣ መምህራንና ተመራማሪዎች ናችሁ። ልናሳስብ የምንወደው፣ በስደት ያለን ምሁራን ስለ አገር ታላላቅ ጉዳዮች ስንከራከር ማንም ያልያዘው ትንሽ ሥራ በእጃችን መኖሩን ነው።

ሥራው ይህ ነው። የጤና ካርድን ከአማርኛና ከዘመናችን አቆጣጠር ወደ እንግሊዝኛ በትክክል መመለስ፣ ለዚህም በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ የሚታወቁ ፈቃደኞች መመደብ፤ ኢሚግራንት ቪዛ ለማግኘት የሚመረመር ሁሉ ሐኪሙ የሞላለትን የክትባት ቅጽ ቅጂ ሳይዝ እንዳይሳፈር ማስታወቅ፤ ወላጅ የኢምትራክ ቱን ፈቃድ ከመፈረሙ ወይም ከመተዉ በፊት ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ በቋንቋው ማስረዳት፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት ልጆቻችን 18 ዓመት ሲሞላቸው ራሳቸው መፈረም እንዳለባቸው መንገር፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተወሰነለትን ወገናችንን ክትባት መጠየቅ ሕግ የጠበቀለት መሆኑን ማሳወቅ። ስለ ክትባቱ የሚጠራጠር ቢኖርም ጥርጣሬውን ሳንንቅ ማዳመጥ፤ መንግሥት ሲዋሸው የኖረ ሰው መጠራጠሩ ከልምድ የመጣ እንጂ ከድንቁርና አይደለምና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ክትባትም እንዲሁ የብዙዎች ድር ነው፤ አንዱ ልጅ ሲከተብ ገና ያልደረሰውን ጨቅላና በሕመም ምክንያት ሊከተብ የማይችለውን ጎረቤቱን ጭምር ይጠብቃል። ፋርመርስ ብራንች ውስጥ በአንድ ክፍል ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ካርዱ በደሴ ወይም በአዋሳ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ያንን ካርድ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ከተገኘ ልጁ የተረፈውን ክትባት ብቻ ወስዶ በሩን ያልፋል፤ ካልተገኘ ግን ወይ ከደጅ ይመለሳል፣ ወይም ጥበቃ ሳይኖረው ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል።